ጠዋት የሚጠፋ ሕመም፦ ማያስቴኒያ ግራቪስ ለምን ከሐኪም ዓይን ይሰወራል?

ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ሕመሟ የጀመራት ጠመኔ ይዛ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልቆይ ይላታል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ማታ ማታ የግራ ዓይኗ ቆብ ይወርድ ጀመር። እራት ላይ ሥጋ ማላመጥ ያቅታትና መንጋጋዋን በእጇ ደግፋ ትጨርሳለች። ስልክ ስታወራ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በአፍንጫዋ የምትናገር ትመስላለች፤ ማዶ ያለው ሰው "ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?" ይላታል።

ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንነሳለን። ተሰልፈን ካርድ እናወጣለን፣ እሷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ሦስት ሰዓት ላይ ስሟ ተጠርቶ ስትገባ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ክንዷ በርትቷል፣ ድምፅዋ ጥርት ብሏል። ሐኪሙ "እጄን ግፊ" ይላታል፣ ትገፋዋለች። ምንም የለባትም። በዘጠኝ ወር ውስጥ ደም ማነስ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ፣ በመጨረሻም ጭንቀት ተባለላት። አራቱም አልነበሩም። ሕመሙ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል።

ይህን የምጽፈው ሐኪሞችን ለመክሰስ አይደለም። ሲመረመር የሚጠፋ ሕመም እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ፣ ታማሚውና አስታማሚውስ እንዴት እንዲታይ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ዘግይቶም ቢሆን ስለገባኝ ነው።

እጃችንን ለማንሳት ስናስብ ትእዛዙ ከአንጎል ተነስቶ በነርቭ በኩል እስከ ጡንቻው ደጃፍ ይመጣል። ነርቩና ጡንቻው ግን አይነካኩም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለች። ያችን ክፍተት የሚሻገረው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ነው። ነርቩ ይለቀዋል፣ በጡንቻው በኩል ያሉ ተቀባዮች ይይዙታል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። በማያስቴኒያ ግራቪስ ጊዜ ሰውነት በሽታን እንዲከላከሉለት የሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ተሳስተው እነዚህን ተቀባዮች ያጠቃሉ። አንዳንዱን ይዘጉታል፣ ብዙውን ያፈርሱታል። ነርቩ ደህና ነው፣ ጡንቻውም ደህና ነው፤ መልእክቱ ግን ደጅ ላይ ይቀራል።

የሕመሙ ባሕርይ ያለው ከዚህ በሚቀጥለው ነገር ላይ ነው። ነርቭ አንድን ጡንቻ ደጋግሞ ሲያዝ በየትእዛዙ የሚለቀው አሴቲልኮሊን ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በማንኛችንም ላይ እንዲሁ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ የማይታወቀው ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ተቀባይ ስላለው ነው። ተቀባዮቹ የሳሱበት ሰው ግን መጠባበቂያ የለውም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ይደርሳል፣ አምስተኛው ይደርሳል፣ ሃያኛው ይቀራል። ጡንቻው ካረፈ ደግሞ ነርቩ ያከማቻል፣ ኃይሉ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሕመሙ ጠዋት ቀሎ ማታ የሚከብደው፤ ከእንቅልፍ በኋላ የሚጠፋውና ከሥራ በኋላ የሚመጣው። እህቴ ሰልፍ ላይ የተቀመጠችባቸው ሰዓታት ጡንቻዎቿን ያሳረፉላት ሰዓታት ነበሩ። ሐኪሙ ፊት የምትቀርበው ከሕመሟ አርፋ ነው።

ይህን ባሕርይ ያስተዋለ ሰው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672፣ እኛ ጋ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጎንደር ነግሠው ሳሉ፣ ስለ አንዲት ሴት ጻፈ። ሴትዮዋ እንደ ልቧ ትናገራለች፤ ብዙ ከተናገረች ወይም ከተቻኮለች ግን እንደ ዓሣ ድምፅዋ ይጠፋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ካልሆነም አይመለስላትም። ዊሊስ ኤሌክትሪክ መመርመሪያም የደም ምርመራም አልነበረውም። ያወቀው ረጅም ጊዜ ስላዳመጣት ነው።

የዛሬ ሐኪም የሚያጥረው ያ ጊዜ ነው። አንድ የጤና ጣቢያ ሐኪም በር ላይ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው። ከሃምሳው አብዛኛው "ድካም አለኝ" ይላል፤ አብዛኛውም የተለመደ በሽታ አለበት። ማያስቴኒያ ግራቪስ በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ150 እስከ 200 የሚሆነውን ነው የሚይዘው፤ ብዙ ሐኪም ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ አንድም ታማሚ ሳያጋጥመው ይኖራል። ስለዚህ ሐኪሙ የተለመደውን ማስቀደሙ ስህተት አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው የተለመደው ሕክምና ሳይሠራ ሲቀር ያንኑ መድገም ላይ ነው። በየጊዜው ሌላ ሐኪም ስለሚያያችሁ ደግሞ ሦስተኛው ሐኪም ሦስተኛ ጊዜ እንደሆነ አያውቅም።

ታይፎይድን እንደ ምሳሌ ልውሰድ፤ በአገራችን ድካም ያለበት ሰው ሁሉ የሚያልፍበት በር ነውና። በብዙ ላብራቶሪ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር የሚኖር ሰው ከዓመታት በፊት ከያዘው በሽታ የተረፈ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሌላ ኢንፌክሽንም ውጤቱን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ታይፎይድ አለ ማለት አይደለም። እህቴ ትኩሳት ኖሯት አያውቅም፤ ወረቀቱ ግን ፖዘቲቭ አለ፣ ወረቀቱም ታመነ።

የታዘዘላት ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነበር። በአራተኛው ቀን ውኃ ስትጠጣ ትን አላት፣ ውኃውም በአፍንጫዋ ተመለሰ። ያኔ በሽታው የበረታባት መስሎን ነበር። በኋላ እንደተረዳነው ሲፕሮፍሎክሳሲንና የሱ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት የበለጠ ያዳክማሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ማያስቴኒያ ግራቪስ ላለባቸው ሰዎች በእነዚህ መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አዟል። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን፣ አዚትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ ለደም ግፊትና ለልብ ምት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ ለወባ የሚሰጡት ኪኒንና ክሎሮኪን፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ለበረታባት እናት በመርፌ የሚሰጠው ማግኒዢየም ሰልፌትም ይህንኑ ሕመም ሊያብሱ ይችላሉ። ይህን ያነበበ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ እንዲያቋርጥ አይደለም የምጽፈው፤ ወባም ኢንፌክሽንም ይገድላሉ። አዲስ መድኃኒት በጀመራችሁ በቀናት ውስጥ ዓይን መከደን፣ መዋጥ ማቃት ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ያኑ ቀን ተመልሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። መድኃኒት ሲጀመር ሕመሙ መባሱ ራሱ ሐኪሙ የሚፈልገው ፍንጭ ነው።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ የእህቴ ምርመራ ለዘጠኝ ወር የዘገየበት ግማሽ ምክንያት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አማርኛ "ደከመኝ" ሲል ብዙ ነገር ባንድ ቃል ይጠቀልላል። እንቅልፍ ያጣም ደከመኝ ይላል፣ ያዘነም፣ ደሙ ያነሰም፣ ክንዱ አልነሳ ያለውም። ሐኪሙ ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው የመላ ሰውነት መዛልን ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ ግን ከመዛል ይለያል፤ የተወሰነ ጡንቻ ኃይል ያጣል፣ ታማሚው ንቁ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ "ደከመኝ" ከማለት አቅቷችሁ የቀረውን ሥራ መናገር ይሻላል። "ሹሩባ ስሠራ እጄን ከአንድ መደዳ በላይ ማቆየት አልችልም።" "ቆሎ ስቆረጥም መንጋጋዬ ይቆማል።" "ማታ ታክሲው ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ አንድ ዓይኔን ስይዘው አንድ ይሆናል።" "ጸጉሬን ሳበጥር ክንዴ ይወድቃል፤ ሩብ ሰዓት ካረፍኩ ይመለሳል።" ሥራው፣ ሰዓቱና ከዕረፍት በኋላ ምን እንደሚሆን አብረው ከተነገሩ ጥሩ ሐኪም ወንበሩን ያስጠጋል።

"ያቃጥለኛል"፣ "ሰውነቴን ይወረኛል"፣ "ይነዝረኛል" የሚሉ ቃሎቻችንም እውነተኛ ስሜት አላቸው፤ ብቻቸውን ሲነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጭንቀት ይተረጎማሉ። በዚህ ሕመም መደንዘዝም መንዘርም የለም፤ የሚጎድለው ኃይል ብቻ ነው። የሌለውን "የለም" ብሎ መንገርም ሐኪሙን ይረዳዋል።

በአሜሪካ ላላችሁ ወገኖቻችን ነገሩ ይብሳል፤ "ደከመኝ" ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር "ታየርድ" ይሆንና ሐኪሙ ስለ እንቅልፍና ስለ ሥራ ብዛት ይጠይቃል። ማለት የነበረበት "ዊክ" (ኃይል አጣሁ) ነው። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ማለት ትችላላችሁ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቱ መዋጥ እንዳቃታት በአፉ መናገር ይከብደዋል፤ አሳጥሮት ያልፋል።

"የነርቭ በሽታ" የሚለው አጠራርም ሰውን ያርቃል። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሪፈር ሲጻፍለት "አበድኩ እንዴ?" ብሎ የሚቀር አለ። የነርቭ ሐኪም ማለት ኒውሮሎጂስት ነው፤ የአንጎል፣ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ስፔሻሊስት። ሪፈሩ ከተጻፈላችሁ ሂዱ።

የእህቴን ሕመም ያገኘው አንድ ተረኛ ሐኪም ነው። ያን ቀን የሄድነው ሆን ብለን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ከክፍል ወጥታ፣ ጠመኔው እጇ ላይ እንዳለ። ስልኬ ላይ ደግሞ ከሦስት የተለያዩ ምሽቶች የቀረጽኩት ቪዲዮ ነበር። ሐኪሙ የመጀመሪያውን አይቶ ዝም አለ፣ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ አየው። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ አነሳና "አንገትሽን ሳታነሺ፣ ሳትጨፍኚ ይህን እይ" አላት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የግራው ቆብ ቀስ እያለ ወረደ፣ የቀኙ ተከተለው። ጓንት ውስጥ በረዶ አስመጥቶ ለሁለት ደቂቃ ዓይኗ ላይ ያዘላት። ሲያነሳው ዓይኗ ተከፍቶ ነበር።

የበረዶው ነገር እውነተኛ ምርመራ ነው። ቅዝቃዜ በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት ለጊዜው ያሻሽለዋል፤ የወረደው ቆብ 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከተነሳ ማያስቴኒያ ግራቪስን ይጠቁማል። ዋጋው በረዶና ጓንት ነው። ድምፅ ጮክ አድርጎ እስከ 50 ማስቆጠር፣ ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ለሁለት ደቂቃ ማስያዝ፣ ወደ ላይ ማስመልከት፣ ሁሉም ዓላማቸው አንድ ነው፤ ያረፈውን ጡንቻ አድክሞ ሕመሙን ወደ ክፍሉ መጥራት። "እጄን ግፊ" ተብሎ አንድ ጊዜ መገፋቱ የሚለካው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ሕመሙ መላ ሰውነት ላይ ከተስፋፋባቸው ሰዎች 85 በመቶ ያህሉ ደም ውስጥ ተቀባዩን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል፤ ሕመሙ ዓይን ላይ ብቻ ከሆነ ግን በግማሹ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ "ደምሽ ነጻ ነው" መባል በሽታው የለም ማለት አይደለም። ነርቭን በትንሽ ኤሌክትሪክ ደጋግሞ ቀስቅሶ የጡንቻው ምላሽ እየቀነሰ መሄዱን የሚለካ ምርመራም አለ። የደረት ሲቲ ስካን ደግሞ ግዴታ ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል አካል አለ፤ ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ እዚያ ዕጢ ይገኛል፣ መውጣትም አለበት። ዕጢ የሌለባቸው ሰዎችም ታይመሳቸው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ እንደሚሻላቸውና የሚወስዱት ፕሬድኒሶሎን (ፀረ እንግዳ አካሉን የሚቀንስ መድኃኒት) እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት አሳይቷል።

ጭንቀት ነው ሲባልስ? በሽታው ሴቶችን ብዙ ጊዜ ከ40 ዓመት በታች፣ ወንዶችን ከ60 በኋላ ይይዛል። ወጣት ሴት፣ ስትመረመር ምንም የማይታይባት፣ ደክሞኛል የምትል። የተነገራትን ስም ለመገመት አይከብድም። ጭንቀት እውነተኛ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው፤ ዘጠኝ ወር ሳይታመን የቆየ ሰው መጨነቁም አይቀርም። ጭንቀት ግን ውኃን በአፍንጫ አይመልስም። ከሐኪሙ ጋር መከራከር በሩን ይዘጋዋል፤ እህቴ በመጨረሻ የተጠቀመችበት አነጋገር ይህ ነበር፦ "ዶክተር፣ ጭንቀት ሊኖርብኝ ይችላል፤ ዓይኔ ማታ ማታ ለምን እንደሚከደን ግን ጎን ለጎን ቢያዩልኝ።" ሁለተኛው ጥያቄ "ከታይፎይድ ጋር የማይሄደው የቱ ምልክቴ ነው?" የሚል ነው። ሦስተኛው ልመና ነው፦ የተናገርኩትን እንደተናገርኩት ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ። ቀጣዩ ሐኪም የሚያነበው ያንን ነው።

መድኃኒቱ የተገኘበትን ታሪክ የማወሳው ያለመታመን ነገር ሐኪሞችም ላይ የሚደርስ ስለሆነ ነው። ሜሪ ዎከር በለንደን ግሪኒች፣ ሴንት አልፌጅ ሆስፒታል የምትሠራ ሐኪም ነበረች። ትልቅ የምርምር ማዕከል ውስጥ አልነበረችም። የታማሚዎቿ ሁኔታ በደቡብ አሜሪካ ቀስት ላይ በሚቀባው ኩራሬ የተመረዘ ሰው እንደሚመስል ተመለከተች። የኩራሬ ማርከሻ ደግሞ ፊዞስቲግሚን ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካው የካላባር ባቄላ የሚወጣ። እ.ኤ.አ. በ1934 ለአንዲት ታማሚ ወጋችላት፤ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ የተከደነው ዓይን ተከፈተ። መጀመሪያ ያላመኗት ባልደረቦች ብዙ ነበሩ። ዛሬ ታማሚዎች የሚውጡት ፒሪዶስቲግሚን የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል፣ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። ፀረ እንግዳ አካሉን ራሱን ለመቀነስ ፕሬድኒሶሎንና አዛትዮፕሪን ይሰጣሉ። ፕሬድኒሶሎን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙን ለጊዜው ሊያብሰው ስለሚችል በሐኪም ክትትል ነው የሚጀመረው፤ አዛትዮፕሪን ደግሞ ለመሥራት ብዙ ወራት ይፈልጋል።

እናታችን ጸበል ወሰደቻት። አልተቃወምኩም፤ እኔም አብሬ ሄጃለሁ። የፈራሁት ጸበሉን ሳይሆን ክኒኑ ቤት መቅረቱን ነው። ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ሰውነትን ይጥላል፤ ፒሪዶስቲግሚን ሲዘለል መዋጥና መተንፈስ ይቸግራል። የንስሐ አባቷን አማከርን፤ መድኃኒትሽን በሰዓቱ እየወሰድሽ ተጠመቂ አሏት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው ክኒኑን የሚተወው።

የሚያስቸኩለውን በግልጽ ልናገር። ታማሚው ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ሲያስል ሳሉ ኃይል ካጣ፣ ጭንቅላቱን ከትራስ ማንሳት ካልቻለ፣ በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እዚያ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 96 ቢያሳይ አትዘናጉ። የመተንፈሻ ጡንቻ ሲደክም ቁጥሩ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መሣሪያው ደህና ነው ይላል። "የጡንቻ ሕመም ነው፣ የሳንባ አይደለም" ብላችሁ ንገሯቸው፣ አንዲት ቃል ብታስታውሱ ይህችን አስታውሱ። የዓይን ቆብ መውረዱ በድንገት ከከባድ ራስ ምታት ጋር ከመጣ፣ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም የፊትና የእጅ ግማሽ አብሮ ከዛለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

እህቴ ዛሬ ከሰዓት በፊት ያለውን ፈረቃ ታስተምራለች። ክትትሏ ላይ ስንሄድ ሲስተሯን ለምነን የካርዷ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት መስመር አስጻፍን፦ የበሽታውን ስም፣ ክኒኗን የምትወስድባቸውን ሰዓታት፣ "ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ሳይጠየቅ አይሰጥ" የሚለውን። ባለፈው ክረምት የሽንት ኢንፌክሽን ይዟት ሌላ ጤና ጣቢያ ገባች፤ ያየቻት ወጣት ሐኪም ማዘዣውን ጀምራ ሽፋኑን አነበበች፣ የጻፈችውን ሰርዛ ሌላ ጻፈችላት።